ኦኬ የማን ልጅ ነው?

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል በብዙ አገር ሰው አፍ የገባው የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መርካቶ ውስጥ በስልክ ዋጋ የሚነጋገር ነጋዴ «ኦኬ፣ በቃ ላከው» ይላል። የዱባይ ሾፌር፣ የቶኪዮ ሆቴል እንግዳ ተቀባይና የሳኦ ፓውሎ መካኒክ ሌላ አንድም የጋራ ቃል ባይኖራቸው በዚህች ሁለት ፊደል ይግባባሉ። ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ግሪኩ የእኔ ነው ይላል፣ ስኮትላንዳዊው የእኔ ነው ይላል፣ ፈረንሳዩም ጀርመኑም ድርሻውን ይጠይቃል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ የኦኬን ሥር የፈለጉ ሰዎች ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ብዙዎቹ ያገኙት ግን ሥሩን ሳይሆን ለእንዲህ ያለ ታዋቂ ቃል ይመጥናል ያሉትን ታሪክ ነው። ይህ ዳሰሳ ዋና ዋናዎቹን ግምቶች በየተራ ይመዝናል፤ ሲመዝንም ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ይይዛል። ቃሉን ማን ወለደው? ማንስ አሳደገው? አብዛኞቹ ግምቶች የሚወድቁት ለመጀመሪያው ጥያቄ ቆንጆ መልስ ሰጥተው ሁለተኛውን ስለሚዘሉት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባት የበዛበት ቃል

የባለቤትነት ጥያቄዎቹ በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ በድምፅ መመሳሰል ላይ የቆሙ ናቸው። ግሪኮች «ኦላ ካላ» ይላሉ፤ «ሁሉ መልካም» ማለት ነው። ስኮትላንዳውያን «ኦክ ኣይ» የሚል የመስማሚያ ቃል አላቸው። ፊንላንዳውያን ትክክል የሆነን ነገር «ኦይኬኣ» ይሉታል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ደግሞ የሄይቲን ሌ ካይ ወደብ ይጠቅሳሉ፤ ከዚያ የሚመጣው ሮም የተባለው መጠጥ ጥሩ ስለነበር «ኦ ካይ»፣ ማለትም «ከካይ የመጣ»፣ የጥራት ምልክት ሆነ ይላሉ።

ሁለተኛዎቹ በሰው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ላይ የተሠሩ ናቸው። ኦባዲያ ኬሊ የሚባል የባቡር ጭነት ጸሐፊ በያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የስሙን ሁለት ፊደል ይጽፍ ነበር ይባላል። ኦሪን ኬንዳል የተባለ ብስኩት ጋጋሪ ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች በላከው ሣጥን ላይ ፊደሎቹን ያትም ነበር የሚልም አለ። ሦስተኛዎቹ የአንድ ሐረግ ምህጻረ ቃል ነው የሚሉ ናቸው። ጀርመናዊው ማተሚያ ቤት «እርማት አያሻውም» ለማለት ይጽፈው ነበር፤ አሜሪካዊው ጦር ከውጊያ ሲመለስ «ዜሮ ሟች» ለማለት በሰሌዳ ላይ ይጽፈው ነበር፤ ዜሮዋ ኦ ተብላ ተነበበች፣ ወዘተ።

እነዚህን ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ቃሉ በጽሑፍ የታየው መቼ ነው? በዚያን ጊዜ የተጻፈ ማስረጃ አለ ወይ? ከዚያ ቦታ ተነስቶ አሜሪካኖች አፍ የገባው በምን መንገድ ነው?

በመጀመሪያው ጥያቄ የጦርነቱ ታሪኮች ሁለቱም ይወድቃሉ። የእርስ በርስ ጦርነቱ የጀመረው በ1861 ነው፤ ኦኬ በጋዜጣ የታተመው ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ኦባዲያ ኬሊ ይወድቃል፤ የፈረመበት አንድ ደረሰኝ ያቀረበ ሰው የለም። ስማቸው በኦ እና በኬ የሚጀምር ሰዎች ደግሞ በየከተማው ሞልተዋል። በሦስተኛው ጥያቄ የግሪኩና የፊንላንዱ ይወድቃሉ፤ በ1830ዎቹ ቦስተን ውስጥ የከተማውን ጋዜጠኛ ግሪክኛ ወይም ፊንላንድኛ ያስለመደው ማን እንደሆነ የሚያሳይ መንገድ አልተገኘም።

የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል አንድ የታወቀ ምሳሌ ያሳያል። በእንግሊዝኛ «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ በፋርስኛም «ባድ» መጥፎ ማለት ነው። ድምፁም ትርጉሙም አንድ ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። ቃሉ ባጠረ ቁጥር እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ ይበዛል። ሁለት ቀለም ብቻ ላለው ኦኬ በሺዎች ከሚቆጠሩ የዓለም ቋንቋዎች ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ባይገኝ ነበር የሚገርመው።

ክብደት ያላቸው ሁለት ተከራካሪዎች

ከግምቶቹ ሁሉ በቀላሉ የማይጣሉ ሁለት አሉ። አንደኛው የቾክቶ ሕዝብ ነው። ቾክቶዎች ዛሬ ሚሲሲፒና አላባማ በሚባሉት ግዛቶች ይኖሩ የነበሩ፣ ከ1830 ውል በኋላ በግፍ ወደ ምዕራብ የተነዱ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። በቋንቋቸው በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጣ «ኦኬህ» የሚል ማጽኛ አለ፤ «እንዲያ ነው፣ እውነት ነው» እንደማለት ነው። ድምፁም ትርጉሙም ይቀርባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታው አሜሪካ ነው፣ ተናጋሪዎቹም ከነጭ ነጋዴዎችና ሚሲዮናውያን ጋር በየቀኑ ይገናኙ ነበር። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ያጸደቁትን ሰነድ «ኦኬህ» ብለው በቾክቶው አጻጻፍ ይፈርሙ ነበር። ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላትም በ1934 እትሙ ይህንኑ ምንጭ ሚዛን የሚደፋ አድርጎ አቅርቦት ነበር።

ሁለተኛው ክርክር የምዕራብ አፍሪካ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተመራማሪ የነበሩት ዴቪድ ዳልቢ በ1969 ባቀረቡት ጥናት፣ በሴኔጋልና በጋምቢያ የሚነገረው ዎሎፍ ውስጥ «ዋው» አዎ ማለት እንደሆነ፣ «ካይ» የሚባል ማጠናከሪያ ሲታከልበት ደግሞ «ዋው ካይ» የሚል ጠንካራ መስማሚያ እንደሚሆን አመለከቱ። በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይህን ወደ አሜሪካ ደቡብ ይዘውት ሄደዋል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተመ አንድ የጉዞ መጽሐፍም በባርነት የነበረ ሰው ንግግሩን «ካይ» ብሎ ሲጀምር መዝግቧል።

ይህ ክርክር ከድምፅ መመሳሰል ያለፈ ነጥብ አለው። የታተመው ጋዜጣ የነጮች ጋዜጣ ነው፤ በጥጥና በትንባሆ እርሻ ላይ የነበሩት አፍሪካውያን ምን ይሉ እንደነበር የጻፈላቸው አልነበረም፤ ራሳቸው እንዳይጽፉም በብዙ የደቡብ ግዛቶች ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ «ማስረጃ የለም» የሚለው ፍርድ ለእነሱ ሲሆን ከግሪኩ ጋር እኩል አይመዘንም። ለቾክቶዎችም እንዲሁ ነው።

ቢሆንም ሁለቱም በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይሰናከላሉ። ኦኬ ከደቡብ እርሻዎች ወይም ከቾክቶ ምድር የመጣ ቢሆን ኖሮ በጽሑፍ መጀመሪያ መታየት የነበረበት በኒው ኦርሊንስ፣ በቻርልስተን ወይም በሞቢል ጋዜጦች ነበር። የታየው ግን በሰሜን ጫፍ፣ ቦስተን ውስጥ ነው፤ ሲታይም ከነፍቺው ነው። የመጣውም ብቻውን ሳይሆን ከብዙ መሰሎቹ ጋር ነው። ይህን ያወቅነው በአንድ ትዕግሥተኛ አንባቢ ምክንያት ነው።

የጋዜጣ ክምር ያነበቡት ሰው

አለን ዎከር ሪድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሥራቸው የቃላትን ታሪክ ከአሮጌ ጋዜጦች፣ ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች መልቀም ነበር። ኮምፒውተር ፈልጎ በማይሰጥበት ዘመን አንድን ቃል ማደን ማለት የደበዘዘ ጋዜጣ ገጽ በገጽ ማንበብ ማለት ነው። በጁላይ 1941 በአንድ ታዋቂ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ የመጀመሪያ ግኝታቸውን አወጡ፤ ኦኬን ከ1840 የፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር አገናኙት። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። እሳቸው ግን ማንበባቸውን አላቆሙም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው በ1963 እና በ1964 አሜሪካን ስፒች በተባለው የጥናት መጽሔት በተከታታይ ጽሑፎች የራሳቸውን የቀደመ መደምደሚያ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ገፉት።

ከዚያ በፊት ግን ከ1839 ይቀድማሉ የተባሉትን ማስረጃዎች መመርመር ነበረባቸው። አንዱ በ1790 ቴነሲ ውስጥ የተጻፈ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ጠበቃው የኋላው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ስለሆኑ ብዙ ተወርቶለታል። የእጅ ጽሑፉ ተመልሶ ሲታይ ኦኬ የተባለው «ኦ አር» ሆኖ ተገኘ፤ «እንዲመዘገብ ታዟል» ለሚለው የተለመደ የጸሐፊ ምህጻረ ቃል ነው። ሌላው በ1815 ከቦስተን ወደ ኒው ኦርሊንስ የተጓዘ ሰው የቀን ማስታወሻ ነው፤ እዚያ ላይም ኦኬ ተብሎ የተነበበው በተሰረዘና በታረመ መስመር መካከል የቀረ፣ ትርጉም የማይሰጥ የብዕር ጭረት ነው። በእጅ ጽሑፍ ላይ የሚፈልጉትን ቃል ማየት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሁለቱም ያስተምራሉ።

ቦስተን፣ ማርች 23 ቀን 1839

ከ1838 ጀምሮ በቦስተን ጋዜጠኞች ዘንድ ምህጻረ ቃል የመፍጠር ወረት ገብቶ ነበር። «አይሆንም» ለሚለው «ኤን ጂ» ይጽፋሉ። ከዕዳ ሸሽቶ ለጠፋ ሰው «ጂ ቲ» ይጽፋሉ፤ «ወደ ቴክሳስ ኮበለለ» ማለት ነው። የማይረባ ነገር «ኤስ ፒ» ይባላል፤ ሲፈታ «ጥቃቅን ድንች» ነው። የከተማዋን ትልልቅ ሰዎች ሲያላግጡባቸው «ኦ ኤፍ ኤም» ይሏቸዋል፤ «የእኛ አንደኞች» እንደማለት።

ቀልዱ ሲሰለች ሁለተኛ ፎቅ ተሠራለት። ሐረጉን መጀመሪያ እንዳልተማረ ሰው አበላሽቶ መጻፍ፣ ከዚያ የተበላሸውን ማሳጠር። «ኦል ራይት» የሚለው ሐረግ ትክክለኛ የመጀመሪያ ፊደሎቹ «ኤ» እና «አር» ናቸው፤ ቀልደኞቹ ግን በድምፁ ብቻ እንደሚጽፍ ሰው ሆነው «ኦ ደብሊው» አደረጉት። «ጥቅም የለውም» የሚለው ሐረግ «ኬ ዋይ» ሆነ። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉ ትክክል»፣ በደንቡ «ኤ ሲ» ነው፤ በተበላሸው አጻጻፍ ግን «ኦ ኬ» ወጣለት። ቀልዱ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ «ሁሉ ትክክል ነው» የሚለው ጽሑፍ አንድም ትክክል ፊደል የለውም።

ይህ ምህጻረ ቃል በሕትመት መጀመሪያ የታየው ማርች 23 ቀን 1839 በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ነበር። ጽሑፉ ፀረ ደወል ማኅበር ስለሚባል ስብስብ ነው፤ ማኅበሩ ራሱ የከተማው ምክር ቤት የምሳ ደወል መደወልን መከልከሉን ሰበብ አድርጎ የተቋቋመ የሹፈት ማኅበር ነው። ግሪን የማኅበሩን አባላት ጉዞ እያነሳ በፕሮቪደንስ ከተማ ያለ ባልደረባውን ጋዜጠኛ ሲነካካ ነው ኦኬን ጣል ያደረጋት። ከጎኗ ወዲያው «ሁሉ ትክክል» የሚል ፍቺ አስቀመጠላት። ይህ ፍቺ ለምርመራው ትልቅ ዋጋ አለው፤ አንባቢ የሚያውቀውን ቃል ማንም ፈትቶ አይጽፍምና።

በዚያው ዓመት ቃሏ በቦስተንና በኒውዮርክ ጋዜጦች ደጋግማ ታየች፤ ብዙ ጊዜም ከነፍቺዋ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ እህቶቿ እንደ «ኬ ዋይ» እና «ኦ ደብሊው» የጋዜጣ ሰብሳቢ ብቻ የሚያውቃት ትሆን ነበር።

ከሞት ያተረፋት ምርጫ

በ1840 ስምንተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ለመመረጥ ይወዳደሩ ነበር። የተወለዱት በኒውዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል የሆላንድ ሰፋሪዎች መንደር ነው፤ አፋቸውን የፈቱትም በደች ቋንቋ ነው። «የኪንደርሁክ ሽማግሌ» የሚለው ቅጽል ስማቸው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኦ እና በኬ ይጀምራል። በማርች 1840 የኒውዮርክ ዲሞክራቶች የኦኬ ክለብ አቋቋሙ። ስሙ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሰውየው የኪንደርሁክ ሽማግሌ ነው፣ ነገሩም ሁሉ ትክክል ነው። በዚያው ወር ውስጥ የክለቡ ጎረምሶች «ኦኬ» እያሉ የተቃዋሚዎቹን የዊግ ፓርቲ ስብሰባ ሊበትኑ ገቡ፤ ግርግሩ በጋዜጦች ተናኘ።

ዊጎችም ዝም አላሉም፤ ፊደሎቹን ነጥቀው የራሳቸውን ፍቺ ሰጧቸው። አገሪቱ ከ1837 የገንዘብ ቀውስ ገና ስላላገገመች «ኦኬ ማለት ጥሬ ገንዘብ ያለቀበት ነው» አሉ፤ «አሰቃቂ መዓት ማለት ነው» አሉ፤ ፊደሎቹን ገልብጠውም «ተባረረ» አደረጓቸው። በዚህ ቅብብል ውስጥ ቀልዷ ከጋዜጠኞች ጠረጴዛ ወጥታ በሰልፍ፣ በባንዲራና በዘፈን ወደ መላ አገሪቱ ገባች። ቫን ቡረን ተሸነፉ፤ የዊጉ ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን 234 የመራጮች ድምፅ ሲያገኙ እሳቸው 60 ብቻ አገኙ። ክለቡም ከሳቸው ጋር ከሰመ፤ ቃሏ ግን ቀረች።

የእውነተኛውን ትውልድ ዱካ ያጠፋውም ያው ምርጫ ነው። ከቫን ቡረን በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ጃክሰን የፖለቲካ አባታቸው ነበሩ። ጃክሰንን መናቅ ቫን ቡረንን መናቅ ስለነበር በ1840 የጸደይ ወራት የተቃዋሚ ወገን ጋዜጣ አንድ ታሪክ ፈጠረ። ጃክሰን ፊደል የማይቆጥሩ ስለነበሩ «ሁሉ ትክክል» ለማለት በሰነድ ላይ «ኦኬ» ይጽፉ ነበር አለ። ጃክሰን ግን የሕግ ባለሙያ፣ ዳኛና ሴናተር የነበሩ ሰው ናቸው፤ በሳቸው እጅ እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ሰነድም አልተገኘም። ሐሜቱ ግን ከእውነቱ ረዥም ዕድሜ አገኘ። ከቾክቶዎቹ አፈ ታሪክ ጋር ተጋብቶም «ጃክሰን በ1815 ኒው ኦርሊንስ ላይ ከቾክቶ ተዋጊዎች ተማሩት» የሚል አዲስ ልጅ ወለደ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ጥያቄዎቻችን በግልጽ ይለያያሉ። ቦስተን ቃሏን ወለደች፤ ኒውዮርክ በምርጫ አሳደገቻት። ቦስተን ብቻ ብትሆን በወረቱ መጨረሻ ትጠፋ ነበር። ኪንደርሁክ ብቻ ቢሆን ደግሞ ፍቺዋ «ሁሉ ትክክል» የሚሆንበት ምክንያት ባልነበረ።

ከቀልድ ወደ ሥራ

ምርጫው ካለፈ በኋላ ያቆያት ሥራ ነው። ሳሙኤል ሞርስ ከዋሺንግተን ወደ ባልቲሞር የመጀመሪያውን የቴሌግራፍ መልእክት የላከው በ1844 ነው። በሽቦው ዳር የተቀመጠ ሠራተኛ መልእክቱ በትክክል መድረሱን የሚያረጋግጥበት አጭር ምልክት ያስፈልገው ነበር፤ ኦኬ ተስማማችው። ባቡር ጣቢያዎች፣ መጋዘኖችና ባንኮችም በሰነድ ጥግ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ቀልድ መሆኗ የተረሳው በዚህ ጊዜ ነው፤ የጭነት ደረሰኝ የሚፈርም ሰው በቦስተን ጋዜጠኞች ፌዝ አይስቅም።

ከዚያ በኋላ ስሟ በየቦታው ተለጠፈ። በኦክቶበር 26 ቀን 1881 በአሪዞና ቱምስቶን ከተማ የተደረገው ታዋቂ ተኩስ በኦኬ በረት ስም ይጠራል፤ ተኩሱ የተደረገው ከበረቱ አጠገብ ባለ ባዶ ቦታ ቢሆንም። በ1918 ኦቶ ሄይነማን ኒውዮርክ ውስጥ የሸክላ ኩባንያ ሲያቋቁም የስሙን አራት የመጀመሪያ ፊደላት ደርድሮ ኦኬህ አለው፤ ይኸው ኩባንያ በ1920 ማሚ ስሚዝን በማስቀረጽ ለጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ ገበያውን ከፈተ። በ1930ዎቹ «ኦኪ ዶኪ» የሚል የጨዋታ ዘመድ ወጣላት።

የጠፈሩ ዘመን ሌላ ፈሊጥ ጨመረ። በሜይ 1961 አለን ሼፐርድ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ ሲሆን፣ የናሳ ቃል አቀባይ የነበሩት ኮሎኔል ጆን ፓወርስ ሁኔታውን ለጋዜጠኞች ሲገልጹ «ኤ ኦኬ» አሉ፤ ያለ አንዳች እንከን ማለታቸው ነው። ሕዝቡ ቃሉን የሼፐርድ አደረገው፤ የበረራው የድምፅ ቅጂ ግን ሼፐርድ እንዳላሉት ያሳያል። ከጃክሰን በኋላ መቶ ሃያ ዓመት ቆይቶ ቃሉ ዳግመኛ ከእውነተኛው ተናጋሪ ተወስዶ ለታዋቂው ተሰጠ። በጁላይ 20 ቀን 1969 አፖሎ 11 ጨረቃን ስትነካ የመንኩራኩሯ እግር መሬት መንካቱን ካሳወቀው መብራት ቀጥሎ በዝ ኦልድሪን ሞተሩ መቆሙን ሲናገር የከፈተው በኦኬ ነው።

የኮምፒውተሩ ታሪክ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1981 አፕል ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ ማረጋገጫው ቁልፍ ላይ የተጻፈው «ዱ ኢት»፣ ማለትም «አድርገው»፣ የሚል ነበር። በፈተናው ላይ የተቀመጡ ተጠቃሚዎች ግራ ተጋቡ፤ በፊደሉ ቅርጽ ምክንያት ትልቁ «አይ» እንደ ትንሽ «ኤል» ታይቷቸው «ዶልት» ብለው አነበቡት። ዶልት ደደብ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሰደባቸው የመሰላቸውም ነበሩ። ስለዚህ ቁልፉ ኦኬ ሆነ። ዛሬ ስልኩን በአማርኛ ያደረገ ሰው በዚያው ቦታ «እሺ» የሚል ያገኛል፤ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ላለ ሕዝብ የተገባ ምርጫ ነው።

ምን ማለት ነው ታዲያ?

የኦኬን ትርጉም ማወቅ ቀላል፣ መግለጽ ከባድ ነው። በዚህ ላይ በሰፊው የጻፉት በ2010 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስለ ቃሉ ሙሉ መጽሐፍ ያወጡት አለን ሜትካፍ ናቸው። ዋና ነጥባቸው ኦኬ ያጸድቃል እንጂ አያሞግስም የሚል ነው። ሥራ አስኪያጅ በደብዳቤ ላይ ኦኬ ሲል ደብዳቤው ይሂድ ማለቱ ነው፤ ግሩም ነው ማለቱ አይደለም። «ምግቡ እንዴት ነበር?» ተብሎ «ኦኬ ነው» ያለ ሰው ያበሰለውን ሰው አላስደሰተም። ከመኪና አደጋ የወጣ ሰው «ኦኬ ነኝ» ሲል ግን ትልቅ የምሥራች ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለዋወጠው የተፈራው ነገር መጠን ነው።

ይህ ገለልተኝነት ለሥራ መሣሪያ አደረጋት። መስማማትን፣ መስማትን፣ ፈቃድን፣ የርዕስ ለውጥን፣ የንግግርን መዝጊያ በአንድ ድምፅ ታስተናግዳለች። በጥያቄ ድምፅ ስትነሳ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ተጎትታ ስትባል ጥርጣሬ ታሳያለች። በ1967 ቶማስ ሃሪስ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያወጡት ስመ ጥር መጽሐፍም ርዕሱ ላይ ሁለቴ ተጠቅሞባታል፤ እኔም ኦኬ ነኝ፣ አንተም ኦኬ ነህ በሚል መንፈስ። እዚያ ላይ ቃሏ ሰነድን ሳይሆን ሰውን እንዳለ መቀበል ሆነች።

በጽሑፍ መልእክት ዘመን ትርጉሟ እንደገና ተሰነጣጠቀ። ነጠላዋን «ኬ» ብቻ የላከ ሰው በብዙ ወጣቶች ዘንድ እንደተቆጣ ይቆጠራል። በኖቬምበር 2019 የኒውዚላንድ የፓርላማ አባል የነበረችው የ25 ዓመቷ ክሎይ ስዋርብሪክ ስለ አየር ንብረት ስትናገር ንግግሯን ያቋረጧትን በ«ኦኬ ቡመር» መለሰቻቸው። እዚያ ላይ ኦኬ ስምምነት አይደለችም፤ «ሰምቻለሁ፣ አልከራከርህም» የሚል በር መዝጊያ ናት።

የጣት ምልክቷም ለብቻው ታሪክ አለው። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ቀለበት መሥራት ከቃሏ በጣም የቀደመ ነው፤ በቡድሂስት ሐውልቶች ላይ ይታያል። ጠላቂ ዋናተኞች ደህና ነኝ ለማለት ይህን የሚጠቀሙት አውራ ጣትን ማንሳት ለእነሱ ወደ ላይ እንውጣ ማለት ስለሆነ ነው። ጃፓን ውስጥ ምልክቱ ገንዘብን ያሳያል፤ ብራዚል ውስጥ ጸያፍ ስድብ ነው። በ2017 በበይነ መረብ ላይ ምልክቱ የነጭ ዘረኞች ነው የሚል የውሸት ዘመቻ ለማላገጥ ተጀመረ፤ ዘረኞቹ ወደዱትና በእርግጥ ይጠቀሙበት ገቡ። ጥላቻን የሚከታተለው የአይሁድ ድርጅት በ2019 ከምልክቶቹ ዝርዝር ሲያስገባው አብዛኛው ሰው አሁንም በቀድሞ ትርጉሙ እንደሚጠቀምበት አሳስቦ ነበር። ፌዝ ወደ እውነት ሲለወጥ ለኦኬ ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው፤ የመጀመሪያው በቦስተን ነበር።

የተፈታውና ያልተፈታው

የተፈታው ይህ ነው። ኦኬ በጽሑፍ መጀመሪያ የታየችው በ1839 ቦስተን ውስጥ፣ በምህጻረ ቃል ወረት መካከል፣ ከነፍቺዋ ነው። የኦክስፎርድን ጨምሮ ታላላቅ መዝገበ ቃላት ይህንን ተቀብለዋል። ከዚያ የቀደመ የታመነ የጽሑፍ ማስረጃ እስካሁን አልቀረበም። የ1840 ምርጫ አባቷ ሳይሆን አሳዳጊዋ ነው።

ሳይዘጋ የቀረው በቃል የሚነገረው ነው። ቃሏ በደቡብ ስትስፋፋ «ዋው ካይ» የሚሉ ወይም «ኦኬህ» የሚሉ ሰዎች ጆሮ ውስጥ አዲስ ላትሆን ትችላለች፤ የሚያውቁትን ድምፅ ሰምተው በቶሎ ተቀብለዋት ሊሆን ይችላል። ይህ የትውልድ ማስረጃ አይሆንም፤ የዳልቢን ጥያቄ ግን በዜሮ አያባዛውም። ጥቁር አሜሪካውያን ለአሜሪካ እንግሊዝኛ የሰጡት ድርሻ በዚህች አንዲት ቃል ላይ የሚቆም ወይም የሚወድቅ አይደለም።

የሚያስቸግረው የስሜቱ ጉዳይ ነው። ሰው ለወደደው ቃል ክቡር አባት ይፈልጋል፤ የፕሬዚዳንት ፊርማ፣ የጥንት ሕዝብ ቋንቋ፣ የጦር ሜዳ ሰሌዳ ያምርለታል። እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ዓለም ቡናን የሚጠራበት ቃል ከካፋ መጣ ስንባል ደስ ይለናል። ካፋ የቡና አገር መሆኗ አያከራክርም። ቃሉ ግን በአረብኛ «ቀህዋ»፣ በቱርክኛ «ካህቬ» ተብሎ ወደ አውሮፓ ሲሄድ በጽሑፍ ይታያል፤ «ቀህዋ» ደግሞ በአረብኛ ቀድሞ ለወይን ጠጅ ይነገር እንደነበር የአረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ጽፈዋል። የካፋው ግምት ሊቆም ከፈለገ ለእሱም እንደ ግሪኩና እንደ ቾክቶው እነዚያው ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ ዘመኑ፣ ሰነዱ፣ መንገዱ።

የኦኬን ጉዳይ ያሸነፉት አለን ዎከር ሪድ ከሌሎቹ የሚለዩት የበለጠ ያማረ ታሪክ ስላመጡ አልነበረም። ያመጡት ታሪክ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ አንድ አዘጋጅ፣ አንድ የሹፈት ማኅበር፣ ሁለት የተሳሳቱ ፊደላት። ግን ቀን አለው፣ ገጽ አለው፣ ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚያሻግር መንገድም አለው። የባለቤትነት ክርክሩ ወደፊትም ይቀጥላል፤ አዲስ ተከራካሪ ሲመጣ ግን ከማርች 23 ቀን 1839 በፊት የታተመ አንድ ገጽ ይዞ መምጣት ይጠበቅበታል።